የጨርቅ ሥዕል ለሕክምና ምን ይፈይዳል? ስለ ሥነ ጥበብ ኩዊልትና ስለ በጎ አድራጎት የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከጨርቅ የተሠራ ሥዕል በሽታ አይፈውስም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፣ «የፈውስ ኩዊልት» የሚለው አጠራር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ስለሚያጠቃልልና ሰውን ስለሚያደናግር ነው። አንደኛው፣ ተሸጦ ገንዘቡ ለሕክምና ምርምር ወይም ለታካሚዎች ድጋፍ የሚውል ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ በሆስፒታል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወይም ለታካሚው በእጁ የሚሰጥ ሥራ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ራሱ የመስፋቱ ተግባር ለሚሰፋው ሰው የሚሰጠው እፎይታ ነው። ሦስቱም እውነተኛ ጥቅም አላቸው፤ ነገር ግን ጥቅሙ የሚገኝበት መንገድ ለየቅል ስለሆነ፣ የአንዱን ማስረጃ ለሌላው ማዋል አይቻልም።

ኩዊልት ምንድን ነው? የሥነ ጥበብ ኩዊልት የሚባለውስ?

ኩዊልት በመሠረቱ በሦስት ድርብ የሚሠራ ጨርቅ ነው። ከላይ አብዛኛውን ጊዜ ከቁርጥራጭ ጨርቆች ተገጣጥሞ የተሰፋ ገጽ፣ ከመሃል የጥጥ ባዘቶ፣ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከሥር ደግሞ ገበር ይኖረዋል፤ ሦስቱም ከዳር እስከ ዳር በሚሄድ ስፌት ይያያዛሉ። ይህ ስፌት መጀመሪያ የታሰበው መሃል ያለው ባዘቶ እንዳይንሸራተትና አንድ ቦታ ላይ እንዳይጠራቀም ለመያዝ ነበር። ይሁን እንጂ መርፌው ያለፈበት ቦታ ስለሚሰረጉድና በስፌቶቹ መካከል ያለው ጨርቅ ስለሚያብጥ፣ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት በቀለም ያልተሣለ ሁለተኛ ንድፍ በገጹ ላይ ብቅ ይላል። የሥነ ጥበብ ሰዎችን ቀልብ የሳበው አንዱ ነገርም ይኸው ነው።

የሥነ ጥበብ ኩዊልት የሚባለው ለአልጋ ሳይሆን ለግድግዳ ታስቦ፣ ከተለመደ ንድፍ ሳይገለበጥ በሠሪው የራሱ ሐሳብ የሚሠራ ነው። ጨርቁ ሊነከር፣ ሊቀባ፣ ፎቶግራፍ ሊታተምበት፣ ሊቀደድና ተመልሶ ሊጠገን ይችላል። ይህ አስተሳሰብ ሰፊ ተመልካች እንዲያገኝ መንገድ ከከፈቱት አጋጣሚዎች አንዱ በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ የዊትኒ ሙዚየም የአሜሪካ የአልጋ ኩዊልቶችን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያሳየበት ዐውደ ርእይ ነው። በ1979 ደግሞ በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው አቴንስ ከተማ፣ ቀድሞ የወተት ላሞች ማደሪያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ፣ ለሥነ ጥበብ ኩዊልት ብቻ የተዘጋጀው «ኩዊልት ናሽናል» ተጀመረ። በ1989 የሙያው ሰዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ከሕክምና ጋር የተገናኘው መቼ ነው?

ግንኙነቱ ከሥነ ጥበብ ኩዊልት በዕድሜ ይበልጣል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በ1861 የተመሠረተው የንጽሕና ጉዳይ ኮሚሽን ለቆሰሉ ወታደሮች ቁሳቁስ ሲያሰባስብ፣ ሴቶች ለሆስፒታል አልጋ በሚመጥን ጠባብ መጠን ኩዊልት እየሰፉ ይልኩ ነበር፤ ኮሚሽኑን ለመደገፍ በተዘጋጁ ባዛሮችም ኩዊልቶች ይሸጡ ነበር። ከእነዚያ የሆስፒታል ኩዊልቶች እስከ ዛሬ የቆዩት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ምክንያቱም ሥራቸውን ሠርተው አልቀዋል።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሠራሩ ረቀቅ አለ። በታኅሣሥ 1917 አንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት በአንድ ኩዊልት ብቻ ለቀይ መስቀል 1,000 ዶላር መሰብሰብ የሚቻልበትን ዕቅድ አወጣ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ ሰዎች አነስተኛ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ስማቸው በቀይ ክር በኩዊልቱ ላይ ይጠለፋል። እንዲህ ያለ ኩዊልት ካለቀ በኋላ ደግሞ በዕጣ ወይም በጨረታ ሊወጣ ስለሚችል፣ አንድ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ያስገኛል። ከመቶ ዓመት በፊት የተወጠነው ይህ ዘዴ አሁንም ይሠራበታል።

ከገንዘብ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚናገረው ምሳሌ በሲንጋፖር የቻንጊ እስር ቤት የተሠሩት ኩዊልቶች ናቸው። በየካቲት 1942 ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ ስትወድቅ ሲቪል ሴቶችና ሕፃናት ከወንዶቹ ተለይተው ታሰሩ፤ ባሎቻቸው በሕይወት መኖራቸውን እንኳ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ኤቴል ማልቫኒ የተባለች ካናዳዊት እስረኛ ባመጣችው ሐሳብ እያንዳንዷ ሴት አንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ወስዳ ስለ ራሷ አንድ ነገር እንድትጠልፍበትና ስሟን እንድታኖርበት ተደረገ። እያንዳንዱ ኩዊልት 66 እንዲህ ያሉ ቁራጮች ነበሩት። ኩዊልቶቹ በሆስፒታል ላሉ ቁስለኞች ስጦታ ተብለው ስለቀረቡ ወታደሮቹ ጋ ደረሱ፤ በዚያውም የሴቶቹ ስም ደረሰ። ሴቶቹ ለእንግሊዝና ለአውስትራሊያ ቁስለኞች ብቻ ሳይሆን ለጃፓን ቁስለኞችም አንድ ሠርተው ነበር፤ ይህም የእስር ቤቱን ኃላፊዎች ፈቃድ ለማግኘት ረድቷል። ለአውስትራሊያውያኑ በተሠራው ኩዊልት ጀርባ ላይ ለቁስለኞቹ ሥቃይ የተሰማቸውን ሐዘን የሚገልጽና ጦርነቱ ሲያበቃ ኩዊልቱ ለአውስትራሊያ ቀይ መስቀል እንዲሰጥ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተጠልፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ኩዊልቱን በደረቅ እጥበት ማጽዳት እንደሚመከር ተጽፏል። እስር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስለ እጥበት ማሰብ የልብስ ሰፊ ጠባይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የኤድስ መታሰቢያ ኩዊልት ነው። በኅዳር 1985 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የሻማ ማብራት ሰልፍ ላይ ሰዎች በኤድስ የሞቱባቸውን ወዳጆች ስም በወረቀት ጽፈው በአንድ የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ለጠፉ፤ የመብት ተሟጋቹ ክሊቭ ጆንስ የወረቀቶቹን መደዳ ሲያይ ኩዊልት መሰለው። ሥራው በ1987 ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ሟች የተመደበው ጨርቅ 90 ሴንቲ ሜትር በ180 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህም የመቃብር ልክ ነው። በጥቅምት 11 ቀን 1987 በዋሽንግተን የሕዝብ ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘረጋ 1,920 ጨርቆች ነበሩት። በቀጣዩ ዓመት በ20 ከተሞች ሲዞር ለኤድስ ታማሚዎች አገልግሎት ለሚሰጡ ድርጅቶች ወደ 500,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተሰበሰበ። ዛሬ 50,000 ገደማ ጨርቆችና ከ110,000 በላይ ስሞች ያሉት ሲሆን ክብደቱ 54 ቶን ይደርሳል። ጥብቅ የሆነ የስፌት ባለሙያ ብዙዎቹ ጨርቆች በመሃል ባዘቶ ስለሌላቸው ኩዊልት አይባሉም ሊል ይችላል፤ ልክ ነው፤ ጉዳዩን ግን አይለውጠውም።

ገንዘቡ የሚሰበሰበው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ትልቅና የሚያምር ኩዊልት ተሠርቶ በውድ ዋጋ እንደሚሸጥ ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ ይሆናል፤ ግን አስተማማኝ አይደለም። ትልቅ ኩዊልት የማይዘረዘር ትልቅ ኖት ማለት ነው፦ ዋጋ አለው፣ የሚወስደው ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። ለመሥራት ወራት ይፈጃል፣ ለመላክ ውድ ነው፣ የሚሰቀልበት ሰፊ ግድግዳም ይፈልጋል።

ችግሩን ከፈቱት አንዱ ጥሩ ምሳሌ በአሜሪካ የተካሄደው የአልዛይመር ሥነ ጥበብ ኩዊልት ዘመቻ ነው። የሚቺጋን ኩዊልት ሠሪና አስተማሪ የሆነችው ኤሚ ሲምስ፣ እናቷ በአልዛይመር ስትታመም፣ በ2006 ዘመቻውን ጀመረች። አልዛይመር የማስታወስና የማሰብ ችሎታን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የአንጎል በሽታ ነው። የዘመቻው ቁልፍ መጠኑ ላይ ነበር። ከየቦታው የሚለገሱት ኩዊልቶች ከ23 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጡ ተወሰነ፤ ይህ መጠን ሳይታጠፍ በፖስታ ቤት ኤንቨሎፕ ውስጥ የሚገባ ነው። ከዚህ አንድ ውሳኔ ብዙ ነገር ተከተለ። ሥራው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ ጀማሪዎችም መሳተፍ ቻሉ፤ ስመ ጥር ባለሙያም ዋና ሥራውን ሳያስተጓጉል አንድ መለገስ አላቃተውም። መላኪያው ርካሽ ሆነ። ገዢውም ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ የአንድ ታዋቂ ሰው የእጅ ሥራ ባለቤት መሆን ቻለ። ኩዊልቶቹ በኢንተርኔት ጨረታና በኩዊልት ትርኢቶች ላይ ይሸጡ ነበር፤ ሥራውን ያንቀሳቀሱት ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ዘመቻው በ2013 መጨረሻ ሲዘጋ ለአልዛይመር ምርምር ያሰባሰበው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር።

ከዚህ ጎን ለጎን፣ በበሽታው ላይ የተሠሩ ትልልቅ ኩዊልቶችን የያዘ ዐውደ ርእይ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። እነዚያ ትልልቆቹ የተሠሩት ለማየት ነበር። ትልቁ ሥራ ሰውን ያቆማል፣ ያስነባል፤ ትንሹ ደግሞ ሰውየው በእጁ ይዞት የሚሄደውና የሚከፍልበት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ «ትልቅ ሠርተን በጨረታ እንሸጣለን» ብለው የሚነሡ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው።

ሌሎች የተለመዱ መንገዶችም አሉ። ዕጣ ወይም ቶምቦላ አንድ ኩዊልት ብዙ ትኬት እንዲያሸጥ ያደርጋል፤ ነገር ግን በብዙ አገሮች እንደ ቁማር ስለሚቆጠር ፈቃድ ይጠይቃል። ዋጋው ከከፍተኛ ተነሥቶ በየቀኑ እየወረደ የሚሄድ ጨረታም አለ፤ የሥነ ጥበብ ኩዊልት ባለሙያዎች ማኅበር ለራሱ ዐውደ ርእዮችና ትምህርት ገንዘብ የሚያሰባስበው በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨረታ ተጫራቹ በሚጠብቅ ቁጥር ዋጋው ይረክስለታል፣ ሥራው ግን በሌላ ሰው ሊወሰድበት ይችላል፤ ስለዚህ ሥራውን አጥብቆ የፈለገ ሰው ቀድሞ ይከፍላል።

ገንዘቡን በቀጥታ መስጠት አይሻልም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ሰው ለጨርቅ፣ ለክርና ለመላኪያ የሚያወጣው ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ኩዊልቱ ከሚሸጥበት ዋጋ ብዙም አያንስም፤ የጉልበቱ ዋጋ ቢታሰብ ደግሞ አብዛኛው ሽያጭ ኪሳራ ነው። ሒሳቡ የሚያዋጣው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው፣ ሠሪው የሚለግሰው ከሌለው ገንዘብ ላይ ሳይሆን ካለው ጊዜና ሙያ ላይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ገዢው ያለ ኩዊልቱ ለዚያ ድርጅት ምንም የማይሰጥ ሰው ከሆነ ነው። ገዢው አስቀድሞም ለጋሽ ከነበረ፣ ኩዊልቱ ገንዘቡን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ከማዛወር ያለፈ ሥራ አልሠራም።

በዚህ ላይ አንድ ጎጂ ልማድ መጥቀስ ያስፈልጋል። የተለገሰ ሥራ «ለበጎ አድራጎት ነው» እየተባለ በርካሽ ሲሸጥ፣ ገዢው የሠሪው ሥራ ያን ያህል ብቻ ያወጣል ብሎ ይለምዳል፤ በሙያው የሚተዳደረው ሰውም ከዚያ በኋላ ተገቢ ዋጋ መጠየቅ ይቸግረዋል። አስተዋይ አዘጋጆች ዝቅተኛ ዋጋ ወስነው ከዚያ በታች የማይሸጡት ለዚህ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሰቀለው ኩዊልት ታካሚን ይረዳል?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1984 የታተመው የሮጀር አልሪክ ጥናት ነው። ተመራማሪው በፔንስልቬኒያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ታካሚዎች መዝገብ አነጻጸረ፤ ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ ነበር፣ ግማሾቹ ደግሞ የጡብ ግንብ። ዛፍ ያዩት በአማካይ ቀደም ብለው ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም በአነስተኛ መጠን ወሰዱ። ጥናቱ የመስኮት እንጂ የሥነ ጥበብ፣ ይልቁንም የኩዊልት ጥናት አይደለም። ሆኖም አካባቢ ታካሚን እንደሚነካ ስላሳየ፣ ሆስፒታሎች ለግድግዳቸው እንዲያስቡ ገፋፍቷል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሥራዎች ታካሚዎች በአመዛኙ ግልጽ የተፈጥሮ ምስልን ከረቂቅ ሥዕል እንደሚመርጡ ጠቁመዋል። ይህ ለኩዊልት ሠሪ ትርጉም አለው፤ በዐውደ ርእይ ሽልማት ያገኘ የሥቃይ ምስል፣ ተኝቶ ቀኑን ሙሉ ለሚያየው ሰው የማይሆን ሊሆን ይችላል።

የሆስፒታል ደንቦችም ከሥነ ጥበቡ እኩል ይወስናሉ። ጨርቅ አቧራና ተሕዋስያን ይይዛል፣ እንደ ቀለም ቅብ ግድግዳ በፀረ ተሕዋስ አይጠረግም፣ በእሳትም ይያያዛል። በዚህም ምክንያት ለሕዝብ መተላለፊያ የሚለገስ ኩዊልት ብዙ ጊዜ በመስታወት ወይም በአክሪሊክ ክዳን ውስጥ ተዘግቶ ይሰቀላል። ብርሃንም ጠላቱ ነው፤ የቅርስ እንክብካቤ ባለሙያዎች ለጨርቅ የሚመክሩት የብርሃን መጠን 50 ሉክስ አካባቢ ሲሆን፣ የሆስፒታል መተላለፊያ ብርሃን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ የሚሰቀል ሥራ ቀለሙ እንደሚደበዝዝ ታውቆ መሰጠት አለበት።

ለታካሚው በእጁ የሚሰጠው ኩዊልት ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ጨርቁ ቀድሞ መታጠብ አለበት፤ ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሸበሸባል፣ ደማቅ ቀለምም ሊለቅ ይችላል። ሽቶ ያለው ሳሙና፣ የሲጋራ ሽታና የእንስሳ ፀጉር በተለይ በካንሰር ሕክምና ምክንያት የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ችግር ነው። ለሕፃን በሚሰጥ ላይ ቁልፍና ዶቃ አይሰፋም። ከሁሉም በላይ በድርቡ ውስጥ የተረሳ ስፒል መኖር የለበትም፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሥራ ሲጀምሩ ስፒሎቻቸውን ቆጥረው፣ ሲጨርሱ መልሰው ይቆጥራሉ፣ ከዚያም ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው መዳፋቸውን ጫን እያደረጉ ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱታል።

የሚሰፋው ሰውስ ምን ያገኛል?

በግላስጎው ከተማ በአንድ የኩዊልት ቡድን 29 አባላት ላይ የተደረገ የቃለ መጠይቅ ጥናት፣ ሰፊዎቹ ሥራው ቀልባቸውን ሙሉ በሙሉ እንደሚይዘው፣ ቀለም መምረጡ መንፈሳቸውን እንደሚያነቃቃው፣ የቡድኑ ወዳጅነትና የሚሰጣቸው አድናቆት በራሳቸው እንዲተማመኑ እንደሚያደርጋቸው መናገራቸውን መዝግቧል። የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የቃኘ ሪፖርት አውጥቶ፣ ሥነ ጥበብ በአጠቃላይ በሽታን በመከላከልና ሕሙማንን በመደገፍ ረገድ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ገልጿል። የግላስጎው ጥናት ሰዎች የተሰማቸውን የሚነግር እንጂ በሕክምና ሙከራ የተለካ ውጤት አይደለም። ደግሞም የሚወደውን ሥራ ከሚሠራ ሰው መልካም ምስክርነት መስማት የሚያስገርም አይደለም።

የሥነ ጥበብ ሕክምና ከዚህ ሁሉ ይለያል። እርሱ በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራ፣ ግብና ክትትል ያለው አገልግሎት ነው። የኩዊልት ቡድን ለሐዘንተኛ ወይም ለታማሚ ትልቅ ድጋፍ ሊሆን ይችላል፤ የባለሙያውን ቦታ ግን አይተካም።

ከመስጠትና ከመግዛት በፊት ምን መጠየቅ ይገባል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘቡ የት ይሄዳል የሚለው ነው። «ለካንሰር» ማለት ለምርምር፣ ለመሣሪያ፣ ለታካሚ መጓጓዣ ወይም ለድርጅቱ ቢሮ ኪራይ ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን፣ ዓመታዊ ሒሳቡን ለሕዝብ ማቅረቡን፣ ከሽያጩ ላይ ለጨረታ አገናኙና ለክፍያ አስተላላፊው ስንት እንደሚቆረጥ መጠየቅ ነውር የለውም።

ግብርን በተመለከተ ሰዎች ተደጋግመው ይሳሳታሉ። በአሜሪካ ሕግ፣ ከ1969 የግብር ማሻሻያ ወዲህ፣ የራሱን ሥራ የለገሰ ሠዓሊ ወይም ኩዊልት ሠሪ ከግብር ሊያስቀንስ የሚችለው የጨርቁንና የክሩን ወጪ ብቻ ነው፤ ሥራው በገበያ የሚያወጣውን ዋጋም ሆነ ያጠፋውን ጊዜ አይደለም። ገዢውም ቢሆን የከፈለውን ሁሉ እንደ ልገሳ ማስመዝገብ አይችልም። በ500 ዶላር የገዛው ኩዊልት በገበያ 300 የሚያወጣ ከሆነ፣ እንደ ልገሳ የሚቆጠርለት ትርፉ 200 ዶላር ብቻ ነው። በሌሎች አገሮች ደንቡ ስለሚለያይ በየአገሩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የታካሚ ታሪክ ወይም ፊት በጨርቅ ላይ የሚታተም ከሆነ፣ ሰውየው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት፤ የማስታወስ ችሎታቸው በደከመ ሰዎች ጉዳይ ደግሞ ይህ ፈቃድ ከማን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው። ሠሪውም ቢሆን ከጀርባው ስሙን፣ ዓመቱን፣ የጨርቁን ዓይነትና የአጠባበቁን ሁኔታ የያዘ ጽሑፍ ሊሰፋበት ይገባል። ኩዊልቱን መለገስ የምስሉን የቅጂ መብት መለገስ አይደለም። ድርጅቱ ሥራውን በፖስታ ካርድ ወይም በቀን መቁጠሪያ ላይ አትሞ ለመሸጥ ከፈለገ፣ ሌላ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በጨረታው ያልተሸጠው ኩዊልት ለሠሪው ይመለስ፣ ለሚቀጥለው ጨረታ ይቆይ ወይስ ለሆስፒታል ይሰጥ የሚለውም ሥራው ከሠሪው እጅ ሳይወጣ በስምምነቱ ላይ መስፈር ይኖርበታል።